ጀግናችንን ማን ይሣልልን?

በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ አንድ ሕፃን ነጠላ ባንገቱ አሥሮ፥ ክንዱን ዘርግቶ፥ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ ሲሮጥ ብታዩ «ምን ሆነሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት። የሆነውን እርሱ ያውቃል፤ እየበረረ ነው። ይልቅስ «አንተ ማነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚሰጣችሁ ስም ብዙውን ጊዜ ከአሜሪካ በፊልምና በስልክ የመጣ የጀግና ስም ይሆናል። ልጁ የሚያድነው ከተማም ሰማይ ጠቀስ ፎቅ የሞላበት የባሕር ማዶ ከተማ ነው እንጂ፥ ቡና በጥላ ሥር የሚያድግበት፥ ቀፎ በረጅም ዛፍ ላይ የሚሰቀልበት የእርሱ አገር አይደለም።

ነገሩ የልጅ ጨዋታ ነው ብላችሁ አትለፉት። ልጅ በጨዋታ ጊዜ ሊሆን የሚመኘው ሰው፥ ሲያድግ ትልቅነት ከወዴት እንደሚመጣ የሚነግረው የመጀመሪያ መምህሩ ነው። መምህሩ ሁልጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ከሆነ፥ ልጁ በቅርብ ያለውን ሁሉ ትንሽ አድርጎ ማየት ይለምዳል። ስለዚህ ዛሬ የምንጫወተው «ልዕለ ኃያል» ስለ ተባለው የጀግና ዓይነትና ይህን ጀግና ከባሕር ማዶ ተቀብለው በራሳቸው አገር መልክ ስለ ሣሉት ሰዎች ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

የሁለት ወጣቶች ሥራ

የልዕለ ኃያሉ ታሪክ በሰፊው የታወቀው በ1938 ነው። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች፥ አንዱ ደራሲ ሌላው ሠዓሊ፥ በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ ሳሉ የፈጠሩት «ሱፐርማን» በዚያ ዓመት «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት አንደኛ ቍጥር ላይ ወጣ። ሁለቱም ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ የአይሁድ ቤተ ሰቦች የተወለዱ ነበሩ። የፈጠሩትም ጀግና ስደተኛ ነው፤ የተወለደባት ዓለም ስትጠፋ በሕፃንነቱ ወደ ምድር ተልኮ በእንግዳ ሰዎች እጅ ያደገ፥ ቀን ቀን በጋዜጣ ቤት ተራ ሠራተኛ ሆኖ የሚውል ሰው ነው። ከእናንተ መካከል በመዝገብ ቤት ፋይል ስታገላብጡ የምትውሉ ይህን ልብ በሉ። የዓለሙ ትልቅ ጀግና በሥራ ሰዓት ማንም ልብ የማይለው ወር ደመወዝተኛ ሆኖ የተሣለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሠሪዎቹ የጻፉት የሚያውቁትን ኑሮ ነው።

ስለ ዋጋውም ማወቅ ይገባችኋል። ሁለቱ ወጣቶች የጀግናውን መብት ለአሳታሚው አሳልፈው ሲሰጡ የተከፈላቸው 130 ዶላር ነበር። ጀግናው ለአሳታሚው ብዙ ገንዘብ ሲያስገባ ፈጣሪዎቹ ግን በችግር ኖሩ። በ1975፥ ይኸውም ከ37 ዓመት በኋላ፥ ከብዙ ክርክርና ከሕዝብ ወቀሳ በኋላ ለእያንዳንዳቸው በየዓመቱ 20,000 ዶላር እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ይህን ታሪክ ያዙት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አፍሪካ በሰው እጅና በራሷ እጅ

በ1966 ስታን ሊና ጃክ ከርቢ «ብላክ ፓንተር» የተባለውን ጥቁር ጀግና አወጡ። ጀግናው «ዋካንዳ» የተባለች፥ በካርታ ላይ የማትገኝ የአፍሪካ አገር ንጉሥ ነው። በ2018 ታሪኩ ፊልም ሆኖ ሲወጣ በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ሕዝብ ተሰልፎ አየው፤ የዋካንዳ ሰዎችም በፊልሙ የደቡብ አፍሪካን የኮሳ ቋንቋ ሲናገሩ ተሰሙ። ደስታው እውነተኛ ነበር። ሆኖም አገሪቱን በመጀመሪያ ያሰቧት በኒው ዮርክ የሚሠሩ ሰዎች መሆናቸውን መርሳት አይገባም።

ጥቁር ጀግና መሣል ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ታሪክ ያስረዳል። በ1976 በዚያ አገር «ማይቲ ማን» የተባለ ጥቁር ልዕለ ኃያል ለጥቁር አንባብያን ታትሞ ነበር። ከመጋረጃው በስተ ኋላ ግን ገንዘቡ ከአፓርታይድ መንግሥት በምስጢር የሚወጣ ነበር። ጀግናው ወንበዴን ይይዛል፤ ሕዝቡን የሚያስጨንቀውን ሕግ ግን አይነካም። መልኩ የአንባቢው፥ አሳቡ የገዢው ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነው አፍሪካውያን በራሳቸው አሳብ የሠሩት ሥራ የሚመጣው። በ2014 ሠዓሊው ሎይሶ ምኪዜ በደቡብ አፍሪካ «ክዌዚ» የተባለውን ታሪክ አወጣ፤ ስሙ ኮከብ ማለት ነው። ጀግናው ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሻው ዝና ነው፤ ሕዝብን ማገልገል የሚማረው ቀስ በቀስ ነው። በ2015 ደግሞ ናይጄሪያዊው ሮዬ ኦኩፔ ዋሌ ዊልያምስ የተባለውን ጀግና «ኢ. ኤክስ. ኦ.» በሚል ስም ለአንባቢ አቀረበ። ከተማዋ «ላጉን ሲቲ» የልብ ወለድ ከተማ ብትሆንም የሌጎስ ሰው ሲያነብባት የገዛ መንገዱን አያጣትም።

የእኛዎቹ

በአገራችንም ሥራው ተጀምሯል። ብሥራት ደበበ የተባለ ኢትዮጵያዊ በአሜሪካ ሳለ «ኤታን ኮሚክስ» የተባለውን ድርጅት መሥርቶ በ2018 «ጀምበር» የተባለውን ልዕለ ኃያል በአማርኛና በእንግሊዝኛ አቀረበ። ሥዕሉን የሣለው ናይጄሪያዊው ስታንሊ ኦቤንዴ ነው። የጀምበር ባለታሪክ አማኑኤል ጥላሁን ይባላል። ከፎቅ ላይ የሚዘል ባለጠጋ እንዳይመስላችሁ፤ ትምህርቱን ጨርሶ በአዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው። ያልታሰበ ኃይል የሚያገኘው ይህ ወጣት ነው። ዲግሪውን በፕላስቲክ አሽጎ፥ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ ፊት ቆሞ ስሙን የፈለገ አንባቢ ሁሉ አማኑኤልን ለማወቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከዚያ ቀጥሎ በ2019 «ሃዊ» የተባለችውን ጀግና ለማሳተም ድርጅቱ ከአንባብያን መዋጮ ጠየቀ። ባለታሪኳ እመነት ለገሠ በባዕድ አገር የኖረች ወጣት ናት፤ ወደ ኢትዮጵያ በመጣችበት ጊዜ እናቷ ትጠለፍባታለች። ልጅቱ እናቷን ፍለጋ ስትወጣ አገሯንም አብራ ትፈልጋለች።

ሌላም አለ። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅቷ የምትታወቀው ብሩክታዊት ጥጋቡ፥ ከባልደረቦቿ ጋር «ጥበብ ገርልስ» የተባለውን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርታለች። በዚያ ታሪክ ኃይል ያላቸው ሦስት ልጃገረዶች ናቸው። የሚዋጉትም ከሌላ ዓለም ከመጣ ጭራቅ ጋር አይደለም፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሴት ልጅን ከትምህርት የሚያስቀሩ ልማዶችን ነው። ይህን የሚመለከት የገጠር ተማሪ ጠላቱን በሰፈሩ ያውቀዋል።

ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም

አንዳንድ ሰው «ታሪክን በሥዕል ከፋፍሎ መንገር የፈረንጅ ልማድ ነው» ሲል ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ የሚያሳየውን የቀደሙ ሠዓሊዎቻችንን ሥራ አስታውሱ። ሸራው በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፈላል፤ ክፍሎቹም ብዙውን ጊዜ 44 ናቸው። በእያንዳንዱ ክፍል ሥር አጭር ጽሑፍ አለ፤ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ ዘንዶው ሲገደል፥ ንግሥቲቱ ወደ ሰሎሞን ስትጓዝ፥ ልጁ ሲወለድ ያያል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? «ጠጅ በብርሌ፥ ነገር በምሳሌ» ይባላል፤ አባቶቻችን ነገርን በሥዕልም አሳምረው አቅርበዋል።

ሠዓሊዎቻችን ያለ ቃል የሚነበብ ሕግም ነበራቸው። ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉ ሰው በጎን ይሣላል፤ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። የዐድዋን ጦርነት ሥዕል ስትመለከቱ የኛ ሰው በሁለት ዓይኑ ሲያይ፥ ጠላት በአንድ ዓይን እንደሚታይ ትገነዘባላችሁ። ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ማን ከማን ወገን እንደ ሆነ አይስትም።

ቋንቋችንም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የባሕር ማዶ ሠዓሊ የቡጢን ድምፅ ለመጻፍ ቃል መፍጠር ይኖርበታል። አማርኛ ግን በጥፊ «ጧ» ያደርጋል፤ በወደቀ ግንድ «ድው» ያደርጋል፤ በነፋስ «ዥው» ያደርጋል፤ በዝናብ «ዷ» ያደርጋል። እናቶቻችን ተረት ሲነግሩን የኖሩት በእነዚሁ ድምፆች ነው። ከሥዕሉ አጠገብ በትልቅ ፊደል መጻፍ ብቻ ቀርቷል።

የቡና አገር ጀግና ምን ይመስል ይሆን?

አሁን ወደ ደቡብ ምዕራብ እንመለስ። ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በ2006 የተቋቋመው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ ሀገሩ ተማሪ ይሰበስባል፤ በ2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረትም ብዙ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በየቢሮው ተመድቧል። ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት አለ። ታሪክም አለ። የጐደለው የሚያገናኛቸው እጅ ነው።

አንድ ሠዓሊ በዚህ አገር ጀግና ልፍጠር ቢል ኃይሉን ከየት ያመጣለታል? ከሌላ ዓለም የወደቀ ድንጋይ መፈለግ አያሻውም። ዓለም የሚጠጣው የዐረቢካ ቡና ዘር የተገኘው ከኢትዮጵያ ደጋማ ጫካ ነው። የካፋ ጫካ በ2010፥ የሸካ ጫካ በ2012፥ የማጃንግ ጫካ በ2017 በዩኔስኮ የብዝኀ ሕይወት ክልል ሆነው ተመዝግበዋል። በዚህ ጫካ ውስጥ ኮረሪማና ጥምዝ ይለቀማሉ፤ ማር ቈራጩም ግንዱ ለሁለት ሰው እቅፍ የማይበቃውን ዛፍ በገመድ ወጥቶ ቀፎውን ይሰቅላል። በጨለማ፥ በጢስ መካከል፥ ንብ እየነደፈው ከዚያ ከፍታ ማር ይዞ የሚወርደውን ሰው ያየ ሠዓሊ፥ ለጀግናው ክንፍ መቀጠል ላያስፈልገው ይችላል።

ጠላትስ? እርሱንም እውነተኛው ታሪክ ይሰጠናል። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ የተባለው ሻጋታ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በሽታው ለጋውን ፍሬ እያጠቈረ በዛፉ ላይ ያበሰብሰዋል፤ በየጫካውም የዓመት እንጀራ አጠፋ። ነገር ግን በጫካው ውስጥ ጐረቤቱ ሲጠቍር ፍሬው ጤነኛ ሆኖ የሚገኝ ዛፍ ነበር። የጅማ የምርምር ሰዎች እነዚህን ዛፎች እየፈለጉ፥ ዘራቸውን እየፈተኑ፥ በሽታውን የሚቋቋሙትን ለገበሬ አደሉ። ምስጢሩ አንድ ዓይነት አለመሆን ነው፤ ጫካው ልዩ ልዩ ዘር ስለ ያዘ አንድ በሽታ ሁሉን ሊያጠፋ አልቻለም። ለልዕለ ኃያል ታሪክ ከዚህ የተሻለ መሠረት ከወዴት ይገኛል? ጀግናዋ ዛፍ የምትለይ ወጣት የግብርና ባለሙያ ብትሆን፥ ጠላቷም ጥቁር ጥላ ሆኖ ከፍሬ ወደ ፍሬ ቢሸጋገር፥ ድሉ በቡጢ ሳይሆን በማወቅ ይገኛል።

የጌሻ ትምህርት

ጊዜ ካለፈ በኋላ መቈጨት እንዳይመጣ ስለ ጌሻ ቡና እናስታውሳችሁ። በ1930ዎቹ የውጭ አገር ሰዎች በዚሁ በደቡብ ምዕራብ፥ በጌሻ አካባቢ ካለው ጫካ የቡና ዘር ሰብስበው ወደ ኬንያና ወደ ታንጋኒካ ወሰዱ። ከዚያም ዘሩ በ1953 በኮስታ ሪካ ወደሚገኝ የምርምር ጣቢያ ደረሰ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ፓናማ ተሻገረ። በ2004 በፓናማ የቡና ውድድር የጌሻ ዘር አንደኛ ወጥቶ አንዱ ፓውንድ በ21 ዶላር ተሸጠ፤ በዚያን ጊዜ ይህ የሚያስደንቅ ዋጋ ነበር። በ2019 ደግሞ በዚያው አገር ጨረታ አንዱ ፓውንድ ከ1,000 ዶላር በላይ አወጣ። በመንገድ ላይ ስሙ ሳይቀር ተበላሸ፤ ብዙ ሰው «ጌይሻ» እያለ ስለሚጽፈው ከጃፓን የመጣ የሚመስለው አለ።

ታሪክም እንደ ዘር ነው። ስለ ቡና መገኘት የሚነገረው የፍየል ጠባቂው ተረት በኤውሮጳ በ1671 በሮም ታትሟል፤ በዚያ መጽሐፍ እረኛው ስም እንኳ አልነበረውም። ዛሬ ስሙ በየአገሩ ቡና ቤት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። የተቀሩትን የቤንች፥ የሸኮ፥ የካፋ፥ የሸካ፥ የማጃንግና የዲዚ ተረቶች የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየዓመቱ ያልፋሉ። ዛሬ በእናንተ እጅ ያልተጻፈውንና ያልተሣለውን ነገ ሌላ ሰው በሌላ ስም ሊሸጥላችሁ ይችላል።

በጎን የሚሣለው ማን ነው?

አንድ ብርቱ ጥንቃቄ ግን አለ። ከላይ የነገርናችሁን የሠዓሊዎች ሕግ መልሳችሁ አስቡት። ብዕር የያዘ ሰው አንዱን በሁለት ዓይን፥ ሌላውን በአንድ ዓይን የመሣል ሥልጣን አለው። በአገራችን በጐሣ ስም ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት ሩቅ አይደሉም። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር እስኪያዝ ድረስ ለወራት በጫካ ሲከላከል ኖሯል። ይህ ታሪክ ለሥዕል የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን የንጉሡን ወገን ሁሉ ፊት ለፊት፥ የዘማቹን ወገን ሁሉ በጎን፥ ወይም በተገላቢጦሽ የሚሥል ሰው፥ ዛሬ በአንድ መማሪያ ክፍል አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡትን የልጅ ልጆች እያጣላ መሆኑን ይወቅ። የ«ማይቲ ማን» ስሕተት የሕዝቡን እውነተኛ ጭንቅ መሸሸግ ነበር፤ የዚህ ደግሞ ጐረቤትን ጭራቅ ማድረግ ነው። ደፋር ሠዓሊ ከሁለቱም ይርቃል። ሠፋሪውንም ነባሩንም በሁለት ዓይናቸው ይሥላል፤ በጎን የሚሣለውን ከሥራው እንጂ ከዘሩ አይመርጥም።

ከየት ይጀመር?

ምናልባት «እኛ ማተሚያ ቤት የለን፥ ገንዘብ የለን» ትሉ ይሆናል። የሚያስፈልገው ከምታስቡት ያነሰ ነው። አራት ተራ የጽሕፈት ወረቀት ከመካከል ታጥፎ ሲሰፋ 16 ገጽ ይሆናል። አስቀድሞ ታሪኩ በአጭሩ ይጻፋል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱ ገጽ ስንት ክፍል እንደሚኖረው በትንሹ ይነደፋል፤ ከዚያ በእርሳስ ይሣላል፥ በቀለም ይደምቃል፥ በመጨረሻም ንግግሩ ይጻፋል። ሠዓሊ ሳይሆኑ ደራሲ መሆን፥ ደራሲ ሳይሆኑ ሠዓሊ መሆን ይቻላል፤ የዓለሙ ትልቁ ጀግና የሁለት ሰዎች ሥራ መሆኑን አይታችኋል። ጀምበርም የኢትዮጵያዊና የናይጄሪያዊ የጋራ ሥራ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ይህ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት በየከተማው አለ፤ ስልክ ያለው ደግሞ ገጹን በአንድ ቀን ለብዙ ሰው ማድረስ ይችላል።

የ130ውን ዶላር ነገርም አትርሱ። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቈጣጠር ነው) አንድ ወጥ ሥራ በወረቀት ላይ እንደ ሠፈረ ያለ ሌላ ሥርዓት ለሠሪው ጥበቃ ይሰጣል። ጥበቃውም ሠሪው በሕይወት እስካለ፥ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ስለዚህ ስማችሁንና ቀኑን በእያንዳንዱ ሥራ ላይ ጻፉ፤ ሰው ውል ሲያቀርብላችሁም ምን እንደምትሰጡና ምን እንደምታስቀሩ ሳታነቡ አትፈርሙ። ለጓደኛም ቢሆን ድርሻው አስቀድሞ ይጻፍ፤ ፍቅር የሚበላሸው ገንዘብ ከመጣ በኋላ ነውና።

ውድ አንባብያን! ከባሕር ማዶ የመጣውን ጀግና ጥሉት አንላችሁም። ሕፃኑም ነጠላውን አሥሮ ይሩጥ፤ መብረርም ደግ ነው። የምንላችሁ አንድ ነገር ነው፤ በእረፍት ቀን ወደ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዳችሁ አንድ ተረት በደብተር ጻፉ። ሥዕል የሚችል የክፍል ጓደኛ ወይም የቢሮ ባልደረባ ፈልጋችሁ አሳዩት። ያቺ አንድ ተረት 16 ገጽ ሆና ወደ ሰፈር ልጆች እጅ ስትገባ፥ ሕፃኑ ለጥያቄው የሚመርጠው ሌላ ስም ይኖረዋል።